የሕንድ ገጣሚዎች በእንግሊዝኛ ሲደርሱን ምን ይጎድላቸዋል? (ታሚል፣ ማራቲ፣ ካነዳ፣ ቤንጋሊ፣ ኡርዱ)

ስንኝ ለቃሚ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ የሚለጠፈው የሕንድ ግጥም ከሞላ ጎደል ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ነው። ቋንቋዎቹን ለማያውቅ ሰው ሌላ መንገድ ስለሌለ ይህ አያስወቅስም። የሚያሳዝነው ግን በከንቱ የምናጣው ነገር መኖሩ ነው። ታሚል፣ ካነዳ፣ ማራቲ፣ ቤንጋሊ፣ ኡርዱ፣ ሂንዲ እንደ አማርኛ ግሣቸውን ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያሳርፋሉ። እንግሊዝኛው ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል፤ እኛ ደግሞ የተገለበጠውን ተከትለን እንጽፋለን። ሁለት ጊዜ መገልበጥ ሲገባን አንዱን ብቻ ይዘን እንቀራለን።

በምሳሌ ላሳይ። «ኩሩንቶካይ» የሚባለው ጥንታዊ የታሚል መድበል አራት መቶ ያህል አጫጭር የፍቅር ግጥሞች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ4 እስከ 8 ስንኝ ነው። ስምንተኛው ግጥም የሚጀምረው በአንድ ረጅም ገላጭ ነው። የታሚሉን ቃላት በየተራቸው ባስቀምጣቸው እንዲህ ይሆናል፦

ማሳ – ማንጎ – በስሎ – የሚረግፍ – ጣፋጭ – ፍሬ – የኩሬ – ዓሣ – የሚቀልብበት – አገር ሰው

ምንም ሳይነካ አማርኛ ነው። «ቪላይንዱ ኡኩ» የሚለው የታሚል ሐረግ «በስሎ የሚረግፍ» ከሚለው ጋር በሰዋስውም ይገጥማል፦ መጀመሪያ ቦዝ አንቀጽ፣ ከዚያ ስሙን የሚገልጽ ግሥ። አንባቢው ማንጎውን፣ ፍሬውን፣ ኩሬውን፣ ዓሣውን አልፎ ነው ሰውየው ላይ የሚደርሰው። በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ቀድሞ ይመጣና ሥዕሉ ከኋላው ይጎተታል።

ኤ. ኬ. ራማኑጃን ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። በ1929 (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ማይሶር ከታሚል ቤተሰብ ተወልዶ በካነዳና በእንግሊዝኛ ግጥም የጻፈ፣ በ1993 እስኪሞት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። ከኩሩንቶካይ መርጦ በ1967 ባሳተመው ትርጉም ስንኞቹን ሰባብሮ ወደ ውስጥ እያስገባ እንደ ደረጃ ያስወርዳቸዋል። ያ አሰላለፍ ጌጥ እንዳይመስላችሁ። የታሚሉን የአደራረስ ሥርዓት በእንግሊዝኛ ለማስጠበቅ የተደረገ ትግል ነው። እኛ ትግሉ ስለማያስፈልገን ደረጃውን መቅዳት የለብንም።

የምመክረው አሠራር ይህ ነው። የራማኑጃንን ዐረፍተ ነገር ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ዋናውን ግሥ ለዩና መጨረሻ ላይ አኑሩት። ገላጮቹ የሚንጠለጠሉበትን ስም ፈልጉና ገላጮቹን በሙሉ ከፊቱ አሰልፉ። እዚህ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር አለ፦ «የሚ…፣ የሚ…፣ የሚ…» እያልን ሦስትና አራት ጊዜ ስንደራርብ አንባቢ ክሩ ይጠፋበታል። መድኃኒቱ ከመጨረሻው በቀር ሌላውን ሁሉ በቦዝ አንቀጽ መያዝ ነው (በስሎ፣ ወርዶ፣ ረግፎ)። ታሚሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሻይ በረንዳ
በጣም እናመሰግናለን። ግን ዓሣው ፍሬውን መቅለቡ ምን ለማለት ነው? ይህማ የኛው ሰምና ወርቅ አይደለም እንዴ?

ደጀ ቅኔ
ሻይ በረንዳ፣ ይቀራረባል እንጂ አንድ አይደለም። በሰምና ወርቅ ሁለቱ ፍች አንድ ቃል ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ቃሉ ሲሰነጠቅ ወርቁ ይወጣል። በታሚሉ የሚሰነጠቅ ቃል የለም። ማንጎውም ዓሣውም እንዳሉ ናቸው። ተናጋሪዋ የሰውየው ውሽማ ናት። ፍሬው ሳትደክምበት አፏ ድረስ ወድቆላታል፤ ዓሣዋ እሷ ናት። ይህን ግን ግጥሙ አይናገርም። ቀጥሎ የሚመጣው ሰውየው እኛ ዘንድ ትልቅ ትልቁን እንደሚያወራ፣ ቤቱ ሲገባ ግን ለልጁ እናት መስታወት ውስጥ እንዳለ አሻንጉሊት እጅ እግሩን እንደሚያነሣ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሥዕል ከሁለተኛው ጋር የሚያገጥመው አንባቢው ነው።

አንባቢው እንዲያገጥም የሚያስችለው ሥርዓት ደግሞ አለ። የጥንቱ ታሚል ግጥም ለሁለት ይከፈላል፦ «አከም» የውስጥ፣ «ፑረም» የውጭ። በፑረም ንጉሡም ጦር ሜዳውም በስም ይጠራሉ። በአከም የፍቅረኞቹን ስም መጥራት ክልክል ነው፤ «እሱ»፣ «እሷ»፣ «ጓደኛዋ»፣ «እናቷ» ብቻ። በስም ፈንታ የሚናገረው መልክዐ ምድሩ ነው። አምስት አሉ። ኩሪንጂ ተራራ ነው፤ ፍቅረኞች በሌሊት ተደብቀው ይገናኙበታል። ሙላይ የደንና የግጦሽ አገር ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ ሚስት ባሏን የምትጠብቅበት። ማሩተም ውሃ የጠገበ እርሻ ሲሆን የክህደትና የኩርፊያ ቦታ ነው። ኔይተል የባሕር ዳር፣ የሥጋትና የእንጉርጉሮ። ፓላይ ቀትር ያነደደው በረሃ፣ የመለየት መንገድ። ማሳ፣ ማንጎና ኩሬ ያየ የታሚል አንባቢ ገና ሰውየው ሳይጠቀስ ማሩተም መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ክህደት እንደሚመጣ ያውቃል።

ከዚህ የሚከተል ማስጠንቀቂያ አለኝ። አበባውንና ዛፉን በአገራችን አበባና ዛፍ የሚተኩ ተርጓሚዎች አሉ። ተራራው ስሙን ያገኘበት የኩሪንጂ አበባ በ12 ዓመት አንዴ ነው የሚያብበው። እሱን በአደይ አበባ ብትተኩት መስከረምን፣ ዘመን መለወጫን፣ አደባባይንና የልጆች ዘፈንን ታስገባላችሁ፤ የሌሊቱ ድብቅ ፍቅር ይጠፋል። «ኩሪንጂ» በሉትና መድበሉ መግቢያ ላይ አምስቱን መልክዐ ምድር አንዴ አስረዱ። በየግጥሙ ግርጌ ማስታወሻ መደርደር ግን ግጥሙን ይገድላል።

ሻይ በረንዳ
ገባኝ። ታዲያ ዘመናዊዎቹስ ይህን ይጠቀሙበታል ወይስ ትተውታል?

ስንኝ ለቃሚ
ራማኑጃን የራሱን የእንግሊዝኛ ግጥሞች ሳይቀር በዚህ ዓይን ነው የሚያዋቅራቸው። አንድን ነገር ያሳይና ስሜቱን ሳይሰይም ይተወዋል። በእንግሊዝኛ ብቻ ያነበበው «ቀዝቃዛ» ይለዋል። አከምን አንብቦ የመጣ ሰው ግን ስሜቱ የት እንደተቀመጠ ያገኘዋል። ስለዚህ ከራሱ ግጥሞች በፊት ትርጉሞቹን አንብቡ።

ቀለም ቆጣሪ
እኔ ወደ ማራቲ ልውሰዳችሁ፤ እዚያ ለአማርኛ ገጣሚ የተዘጋጀ የሚመስል ልክ አለ። «አበንግ» ይባላል። ወደ ፓንደርፑር በእግር የሚጓዙት የቫርከሪ ምእመናን የሚዘምሩት ነው፤ ታላቁ ባለቤቱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ቱካራም። ትልቁ አበንግ በአራት ሐረግ ይሠራል፦ 6፣ 6፣ 6፣ 4 ቀለም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሐረግ ቤት ይመታሉ፤ አራተኛው አጥሮ ይቀራል፤ ዜማውም እዚያ ያርፋል። በሰፊው የሚታወቀው የቱካራም መዝሙር መግቢያ እንዲህ ነው፦

ሱንደረ ቴ ድያነ / ኡቤ ቪቴቨሪ / ከረ ከታቨሪ / ቴቮኒያ

ቁጠሩት፣ 6፣ 6፣ 6፣ 4። «ቨሪ» ከ«ቨሪ» ጋር ገጥሟል። የሚለው የፓንደርፑሩ አምላክ ቪቶባ ጡብ ላይ ቆሞ፣ እጆቹን ወገቡ ላይ አሳርፎ ያለበትን ውብ መልክ ነው። ምስሉ ዛሬም እዚያው ቤተ መቅደስ እንደዚያው ቆሟል።

የእኛ የወል ቤት 6 እና 6 ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሐረጎች ለጆሯችን አዲስ አይደሉም። ሦስተኛውን 6 ጨምረን 4 ላይ መቁረጥ ብቻ ነው የሚቀረን። ለሙከራ፦

ያ መልኩ ያማረ / ጡቡ ላይ ቆመና / እጁን አነሣና / ጎኑን ያዘ።

አቆጣጠሩ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ማራቲው በአበንግ ውስጥ ፊደሉን እንደተጻፈ ይቆጥራል፤ በተራ ንግግር «ሱንደር» የሚባለው እዚህ «ሱንደረ» ተብሎ ሦስት ይሆናል። በአማርኛ ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ ነው፤ አናባቢ የሌለው ሳድስ ራሱን ችሎ አይቆጠርም። «ያ መልኩ ያማረ» በፊደል ሰባት፣ በጆሮ ስድስት ነው። በዓይን የሚቆጥር ሰው ሐረጉ ይሰበርበታል።

ደጀ ቅኔ
ልኩ ደርሷል፤ ትርጉሙ ግን ተንቀሳቀሰ። ማራቲው ውስጥ ምንም ድርጊት የለም። «ኡቤ» ቆሞ ያለ ማለት ነው፤ «ቴቮኒያ» አሳርፎ እንደማለት ነው፤ የሚቋጭ ግሥ እንኳ የለውም። እርስዎ «ቆመና… አነሣና… ያዘ» ሲሉ አምላኩ ተነሥቶ ሥራ ጀመረ። የቫርከሪ እምነት ደግሞ የተመሠረተው ቆሞ በመጠበቁ ላይ ነው። ፑንዳሊክ የሚባለው አገልጋዩ ወላጆቹን ሲያስታምም «ትንሽ ቆይ» ብሎ የወረወረለት ጡብ ነው የቆመበት፤ ምእመናኑ የሚሄዱት ዛሬም እየጠበቀን ነው ብለው ነው። ይህ ቢሆንስ፦

ያ መልኩ ያማረ / ጡቡ ላይ እንዳለ / እጁን እንደጣለ / በወገቡ።

ቀለም ቆጣሪ
ይኸኛው ይሻላል። «እንዳለ» እና «እንደጣለ» ጊዜውን ያቆሙታል፤ ቤቱም ይመታል፤ አራተኛው ሐረግ ሳይቋጭ መቅረቱ ደግሞ እንደ ማራቲው ነው።

ቱካራምን በእንግሊዝኛ ለምታነቡ፦ ዲሊፕ ቺትሬ በ1991 ያወጣው ትርጉም ልኩንም ቤቱንም ትቶ የንግግሩን ጉልበት ብቻ ይዟል። ቺትሬ ራሱ የማራቲ ገጣሚ ስለሆነ ምን እየተወ እንደሆነ አውቆ ነው ያደረገው፤ በ1994 የሕንድ ብሔራዊ የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ (ሳሂትያ አካዳሚ) ለማራቲ ግጥሙም ለዚህ ትርጉሙም ሸልሞታል። እኛ ግን እሱ የተወውን መተው የለብንም፤ አማርኛ ልኩን ይችለዋል።

አስፋልት ዳር
ስለ ማራቲ ተነሥቶ አሩን ኮላትካር ሳይነሣ ማለፍ አይሆንም። በ1932 ኮላፑር ተወልዶ በ2004 ፑኔ የሞተ፣ ኑሮውን በማስታወቂያ ሥዕል ሥራ የገፋ ገጣሚ ነው። በእንግሊዝኛ የሚታወቀው በ«ጄጁሪ» ነው፦ ከፑኔ ደቡብ ምሥራቅ ወዳለው ካንዶባ የሚባል አምላክ ቤተ መቅደስ በአውቶቡስ የሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ፣ በ31 ግጥም። የኮመንዌልዝ የግጥም ሽልማትን በ1977 አግኝቶበታል።

ብዙ ሰው «ጄጁሪ»ን አንድ የከተማ ሰው በገጠር እምነት ሲሳለቅ አድርጎ ያነበዋል። ይህ ንባብ የሚመጣው ማራቲውን ካለማወቅ ይመስለኛል። ኮላትካር ቱካራምን፣ ናምዴቭን፣ ጃናባይን የተረጎመ ሰው ነው። እነዚያ ቅዱሳን ገጣሚዎች ራሳቸው አምላካቸውን ይቆጡታል፣ ይጨቃጨቁታል፣ እንደ ባለዕዳ ይይዙታል፤ ካህናቱን አይምሩም። ኮላትካር የቤተ መቅደሱን ፍርስራሽ፣ ቡችሎቿን እዚያ የምታሳድገውን ውሻ፣ ለገንዘብ የሚጠብቀውን ካህን ሲያሳይ ከዚያው መሥመር ሳይወጣ ነው። ከመሳለቅ ይልቅ ለመቅረብ የሚያደርገው ነገር ነው።

አስቸጋሪው ሥራው ሌላ ነው። ከቀደምት ግጥሞቹ አንዱ ሙምባይ ጎዳና ላይ በሚነገር የተደበላለቀ ሂንዲ የተጻፈ ነው፦ ደመወዙን የተከለከለ ሠራተኛ ሥራ አስኪያጁን፣ ከዚያ የወንድሙን ሚስት፣ ከዚያ ፖሊሱን ምን እንዳለ ይናገራል። ኮላትካር ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው በአሜሪካ የወሮበላ አነጋገር መለሰው። ማለትም ቃል ለቃል አልሄደም፤ ጎዳናን በጎዳና ተካ። በአማርኛ ምርጫው ግልጽ ነው፤ የአራዳ ቋንቋ። በሬዲዮ አማርኛ «ለሥራ አስኪያጁ ደመወዜን እንዲከፍለኝ ነገርሁት» ካላችሁ ግጥሙ አበቃ። ግን የአራዳ ቃል ቶሎ ያረጃል። ቃል በቃል ከመለቃቀም ይልቅ አገነባቡን ማጎሳቆል ይሻላል፦ አጭር ዐረፍተ ነገር፣ «አልኩት፣ አለኝ» እየተባለ የሚሄድ፣ አልፎ አልፎ ብቻ አንድ የሰፈር ቃል።

መወድስ
በዚሁ መሥመር ናምዴዎ ዳሳልን ጨምሩ። በ1949 የተወለደ፣ በሙምባይ ሴተኛ አዳሪ ሰፈር ያደገ፣ በ1972 የዳሊቶችን («የማይነኩ» ተብለው የሚገለሉትን) መብት የጠየቀውን የዳሊት ፓንተርስን እንቅስቃሴ ከመሠረቱት አንዱ። የመጀመሪያ መድበሉ የሰፈሩን ስም ይዟል፦ «ጎልፒታ»። መቅድሙን የጻፈው ታዋቂው የቲያትር ጸሐፊ ቪጄይ ቴንዱልካር ነው። ቴንዱልካር በማራቲ ቢያድግም ለእሱም የማይገቡ ቃላት ነበሩበት። ስለዚህ የዳሳል ትርጉማችሁ ለስለስ ብሎ ከተነበበ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የፓንደርፑሩ ታሪክ በሌላ ጎኑ ይመጣል። የ14ኛው ክፍለ ዘመን አበንግ ገጣሚ ቾካሜላ «የማይነኩ» ተብለው ከሚገለሉት ከማሃሮች ስለሆነ ያንን ሁሉ መዝሙር ወደጻፈለት ቤተ መቅደስ መግባት አልተፈቀደለትም። መቃብሩ ደረጃው ሥር ነው። ለዳሊቶች በሩ የተከፈተው የመብት ታጋዩ ሳኔ ጉሩጂ በሩ እንዲከፈት ከጾመ በኋላ በ1947 ነበር። ዳሳልም ማሃር ነው። ቁጣው ከየት እንደሚነሣ ለመረዳት ማንም ወደ ፓሪስ ወይም ወደ ኒው ዮርክ መሄድ የለበትም።

ሻይ በረንዳ
ቤንጋሊን የሚያውቅ አለ? ታጎርን ሁሉም ያነሣዋል፤ ከእሱ በኋላ ያሉትን ግን አላየሁም።

ወንዝ ማዶ
ጂባናናንዳ ዳስን ያንብቡ። በ1899 ዛሬ ባንግላዴሽ በሆነችው ባሪሳል ተወለደ፤ በ1954 ካልካታ ውስጥ ትራም ገጭቶት ሞተ። ስሙን ያስጠራው «ቦኖሎታ ሼን» የሚለው ግጥም ነው፤ ሦስት አርኬ፣ እያንዳንዱ ስድስት ስንኝ። በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ በነጻ ስንኝ ስለሚቀርብ ልቅ ግጥም የሚመስለው አለ። አይደለም። የመጀመሪያው ስንኝ 22 ቀለም ነው፣ 8፣ 8፣ 6 ሆኖ የተከፈለ። ልኩ «ፓያር» ከሚባለው የጥንቱ የቤንጋሊ ተራኪ ግጥም (8 እና 6) ላይ አንድ 8 በመጨመር የመጣ ነው። ሰውየው ለሺህ ዓመት በምድር ላይ እየሄድኩ ነው ሲል ስንኙም አብሮት የሚረዝመው ለዚህ ነው።

የቤንጋሊው አቆጣጠር ከኛ ይለያል። በቃል መጨረሻ የተዘጋ ቀለም ሁለት ይቆጠራል፣ በቃል መሐል ግን አንድ። «ሃጃር» ሦስት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን አከፋፈሉን ነው መያዝ ያለብን፦ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር። በአማርኛ 8 ቀለም ለአንድ ትንፋሽ ይከብዳል፤ 4 እና 4 አድርጋችሁ ብትሰብሩት ይቀላል። ስንኙን ሁለት መሥመር ላይ አትቁረጡት፤ ገጹ ካልበቃ ፊደሉን አሳንሱ።

የቦታና የነገሥታት ስሞቹንም አትንኩ። መጀመሪያ የሲሎንና የማላይ ባሕር፣ የጥንቶቹ ነገሥታት የቢምቢሳራና የአሾካ ዓለም፣ የጥንቷ ቪዳርባ ከተማ ይመጣሉ። ከዚያ ሴትዮዋ ቦኖሎታ ሼን የመጣችበት ናቶሬ ትመጣለች፤ ትንሽ የአውራጃ ከተማ። የሴትዮዋም ስም የትም ቤት የሚገኝ ስም ነው። የግጥሙ ውጤት ከዚህ መውረድ ነው የሚመነጨው። «የጥንት ከተሞችን አልፌ» ብሎ ያጠቃለለ ትርጉም አይቻለሁ፤ ናቶሬ የምትወርድበት ከፍታ ጠፍቶ ነበር።

አስፋልት ዳር
ስንኝ ለቃሚ መጀመሪያ ላይ ባሉት ላይ አንድ እርማት ላክል፦ ካሽሚሪ ከእነዚህ ይለያል፤ ግሡን ሁለተኛ ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። በእንግሊዝኛ የሚገጥመው አጋ ሻሂድ አሊ የካሽሚር ሰው ቢሆንም የተከተለው የኡርዱን ጋዛል ስለሆነ ሥርዓቱ ያው ነው። እዚህ ጋዛል ብለው የሚለጥፉ ብዙዎች ግን ሕጉን ይስቱታል።

ቀለም ቆጣሪ
ሕጉ ይህ ነው። ጋዛል በጥንድ ስንኞች ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ጥንድ አያንስም። ሁሉም ስንኞች በልክ እኩል ናቸው። መጨረሻ ላይ ሳይለወጥ የሚደጋገም ቃል ወይም ሐረግ አለ፣ «ረዲፍ»። ከእሱ በፊት የሚገጥም ቃል አለ፣ «ቃፊያ»። በመጀመሪያው ጥንድ ሁለቱም ስንኞች ቃፊያና ረዲፍ ይይዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ስንኝ ብቻ። እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው ይቆማል፤ ከቀጣዩ ጋር በታሪክ አይያያዝም። በመጨረሻው ጥንድ ገጣሚው ስሙን ያስገባል።

ኡርዱ ግሡን መጨረሻ ስለሚያደርግ ረዲፉ ብዙ ጊዜ «ነው»ን የመሰለ ረዳት ግሥ ነው፤ ሳይታወቅ ይደጋገማል። እንግሊዝኛ ይህን ስለማይችል ሻሂድ አሊ «ዛሬ ማታ» ወይም «ዐረብኛ» በሚል ቃል ነው የሚዘጋው፤ ድግግሞሹ ጎልቶ ይሰማል። አማርኛ የኡርዱን መንገድ መሄድ ይችላል፦

መንገዱ ሁሉ መሄጃ፣ ከቶ የሚያሳርፍ ቤት የለም፤
ፀሐይ ወጥታ አልጠለቀች፣ ዓይን የሚከድን ሌት የለም።

ረዲፉ «የለም»፣ ቃፊያው «ቤት / ሌት»፣ ስንኙ 8 እና 8። በተለጠፉት ላይ የማየው ስሕተት «የለም»ን ደጋግሞ ከፊቱ ያለውን አለማስገጠም ነው፤ ያ ድግግሞሽ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ «መጥቻለሁ፣ ሄጃለሁ፣ በልቻለሁ» እያሉ ገጠመ ማለት ነው። «አለሁ» በሁሉም ላይ ያው ስለሆነ ረዲፍ ነው፤ ቃፊያው ከእሱ በፊት ባለው ሥር ላይ መገኘት አለበት።

መወድስ
ስለ ስም ማስገባት ካነሣን የካነዳውን «ቫቸና» ከዚህ ጋር እንዳታምታቱት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በካልያና ከተማ ባሳቫናና ጓደኞቹ ለአምላካቸው ለሺቫ የተናገሩት ነው። እዚያ መጨረሻ ላይ የሚገባው ስም የገጣሚው አይደለም፣ የአምላኩ ነው። የባሳቫና «ኩዳላሳንገማ ዴቫ» ነው፤ ራማኑጃን «የወንዞች መገናኛ ጌታ» ብሎ መልሶታል፤ የክሪሽናና የማላፕራባ ወንዞች መገናኛ ነው። የገጣሚዋ የማሃዴቪያካ «ቼናማሊካርጁና» ነው። የማን ቫቸና እንደሆነ የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ በአንዱ ግጥም «ጌታዬ»፣ በሌላው «አምላኬ»፣ በሦስተኛው «ፈጣሪ» እያላችሁ አታለዋውጡት። አንዱን መርጣችሁ በሁሉም ላይ፣ በዚያው ቦታ አስቀምጡት።

ሻይ በረንዳ
ቫቸናውን ቤት አስመትተን ብንተረጉመውስ? አማርኛ አንባቢ ቤት የሌለውን ግጥም አይለውም።

መወድስ
አይሆንም። ቫቸና ልክም ቤትም የለውም፤ የቤተ መንግሥቱን የተለካ ግጥም ትተው ገበሬውና ልብስ አጣቢው በሚናገረው ካነዳ ነው የተናገሩት። የሚያያዘው በትይዩ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ባለጸጎች እንዲህ ያደርጋሉ፣ እኔ ድሃው ምን ላድርግ፤ ይህ ይወድቃል፣ ያ ይቀራል። በአማርኛ ይህን የሚሸከም አነጋገር ሞልቷል፤ ሽማግሌ በሸንጎ ሲናገር የሚያነጻጽርበት አካሄድ ቤት ሳይመታ ጆሮ ይይዛል። ዐረፍተ ነገሮቹን በርዝመት አቀራርቡ፣ ግሦቹን በአንድ መደብና በአንድ ጊዜ ዝጉ፣ ስሙን መጨረሻ ላይ ለብቻው መሥመር ስጡት።